አቴንስ፣ ጆርጂያ፦ የዩኒቨርሲቲ ከተማዋ ሙዚየሞችና የሚጎበኙ ስፍራዎች

አቴንስ ከአትላንታ በስተምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር (70 ማይል) ገደማ ርቃ የምትገኝ የጆርጂያ ከተማ ናት። ቀድሞ የተወለደው ዩኒቨርሲቲው ነው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቻርተሩን ያገኘው ጃንዋሪ 27 ቀን 1785 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ማስተማር የጀመረው በ1801 ሲሆን፣ አቴንስ በከተማነት የተቋቋመችው በ1806 ነው። ዛሬም ካምፓሱንና መሀል ከተማውን የሚለያቸው ብሮድ ስትሪት የተባለ አንድ መንገድ ብቻ ነው። ብዙው የሚታይ ነገር በእግር ይዳረሳል፤ አብዛኛውም በነጻ ነው። በአትላንታ ዙሪያ፣ በተለይ በክላርክስተንና በስቶን ማውንቴን በኩል ለሚኖረው ሐበሻ ዩኤስ 78 የተባለው አውራ ጎዳና መሀል አትላንታ ሳያስገባ ያደርሰዋል፤ ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃል።

የሚያስቸግረው ቀኑን መምረጥ ነው። ሰኞ ዋናው ሙዚየም፣ ማለትም የጆርጂያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ዝግ ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባሉት ቅዳሜዎች የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በሜዳው የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ከተማዋ ትጨናነቃለች፦ ሳንፎርድ ስታዲየም ከ92,000 በላይ ሰው ይይዛል፣ የካምፓሱ ፓርኪንግ አስቀድሞ በተመዘገቡ መኪኖች ይያዛል፣ የሆቴል ዋጋም ይሰቀላል። ለሙዚየም የሚመጣ ሰው የጨዋታውን መርሐ ግብር ሳያይ ቀን ባይቆርጥ ይሻለዋል። የሚመረጠው ሐሙስ ነው፤ የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ በዚያ ቀን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይቆያል።

መነሻው ብሮድ ስትሪት ላይ ያለው «አርች» ነው። በ1850ዎቹ ከብት ወደ ግቢው እንዳይገባ በተሠራው የብረት አጥር ላይ የቆመ መግቢያ ሲሆን፣ ቅርጹ ከጆርጂያ ማኅተም ተወስዷል። ሦስቱ ዓምዶች ጥበብን፣ ፍትሕንና ልከኝነትን ይወክላሉ ይባላል። ተማሪዎች ሳይመረቁ ከሥሩ ማለፍን እንደ ገድ ማጣት ስለሚቆጥሩት በጎን በኩል ይገባሉ፤ የጎን ደረጃዎቹ መበላታቸውን ልብ ማለት ነው። ከአርቹ አለፍ ብሎ በስተቀኝ በኩል ያለው ሕንጻ የሆምዝ-ሀንተር ሕንጻ ይባላል። ሃሚልተን ሆምዝና ሻርሌን ሀንተር ጃንዋሪ 9 ቀን 1961 በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተመዘገቡ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተማሪዎች ናቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ማታ ሁከተኞች የሀንተርን ማደሪያ በድንጋይ ደበደቡ፤ ዩኒቨርሲቲው «ለደኅንነታቸው» ብሎ ያገዳቸው ሁለቱን ተማሪዎች ነበር። ፍርድ ቤት መለሳቸው። ከአርቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ዙሪያ በ1806 የተጠናቀቀው ኦልድ ኮሌጅና በ1832 የተሠራው ቻፕል (ጸሎት ቤት) አሉ። ቻፕሉ ውስጥ የሮማን የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ የሚያሳይ ግድግዳውን የሸፈነ የጆርጅ ኩክ ሥዕል አለ፤ ደወሉ ከጀርባው ባለው የእንጨት ማማ ላይ ተሰቅሏል፣ ቡድኑ ባሸነፈ ቁጥርም ገመዱን ለመሳብ ሰልፍ ይያዛል።

ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት የቆመው ባለ ሁለት አፈሙዝ መድፍ የአቴንስ እንግዳ ነገሮች ቁንጮ ነው። ጆን ጊልላንድ የተባለ የከተማው ሰው በ1862፣ በሰሜንና በደቡብ የአሜሪካ ግዛቶች የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ሐሳቡን አመጣ፣ ገንዘቡ ከሕዝብ ተዋጣ፣ መድፉም እዚያው አቴንስ ቀለጠ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ በሁለቱ አፈሙዞች ሁለት አሩሮች ይገባሉ፣ አሩሮቹ በሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አፈሙዞቹ ወደ ውጭ በ3 ዲግሪ ያህል ስለሚለያዩ፣ እኩል ሲተኮሱ ሰንሰለቱ ተወጥሮ የጠላትን ረድፍ ያጭዳል። የወደቀው «እኩል» የሚለው ላይ ነው። የሁለት አፈሙዝ ባሩድ በአንድ ቅጽበት አይነድም፤ አንዱ አሩር በጥቂቱ ከቀደመ ሌላውን በሰንሰለት ይጎትተዋል፣ ሁለቱም እየተሽከረከሩ አቅጣጫቸውን ይስታሉ። ኤፕሪል 22 ቀን 1862 ሲሞከር የሆነውም ይኸው ነው፦ መሬት ታረሰ፣ የበቆሎ ማሳ ተጨፈጨፈ፣ ሰንሰለቱም ተበጠሰ። አንዱ አሩር ላም ገደለ፣ ሌላው የጎጆ ጭስ ማውጫ አፈረሰ ይባላል። የኦገስታ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሹሞች መርምረው ለጦር ሜዳ አይሆንም አሉ። ቀረብ ብሎ ሲታይ የባሩድ ማቀጣጠያ ቀዳዳዎቹ ሦስት ናቸው፤ ለየአፈሙዙ አንድ አንድ፣ መሀል ላይ ደግሞ የጋራ። ችግሩ ለሠሪውም ግልጽ እንደነበር የሚናገረው ያ የመሀሉ ቀዳዳ ነው። አፈሙዙ ዛሬም ወደ ሰሜን ዞሯል።

ከመሀል ከተማ በስተምዕራብ፣ ዲሪንግና ፊንሊ መንገዶች በሚገናኙበት፣ «የራሱ ባለቤት የሆነው ዛፍ» አለ። ኮሎኔል ዊልያም ጃክሰን የልጅነት ፍቅሩ ለነበረው ነጭ ኦክ ግንዱንና በዙሪያው ያለውን 8 ጫማ መሬት በውል አስተላለፈለት ተብሎ ይነገራል። ውሉን ያየ የለም፣ በሕግም ዛፍ ንብረት ሊይዝ አይችልም። ከተማዋ ግን ታከብረዋለች። የመጀመሪያው ዛፍ በ1942 ወደቀ፤ አሁን ያለው ከእሱ ፍሬ የበቀለና በ1946 የተተከለ ስለሆነ «ወራሹ» ይሉታል። መንገዱ ዳገትና ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ለሕፃን ጋሪ አይመችም። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የጆርጂያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። አልፍሬድ ሆልብሩክ የተባለ ጡረታ የወጣ የኒው ዮርክ ጠበቃ በ1945 አንድ መቶ የአሜሪካ ሥዕሎችን በሟች ሚስቱ ስም ሰጥቶ መሠረተው። በ1948 ለሕዝብ ሲከፈት ቦታው የቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነበር፤ ከ1996 ጀምሮ ግን በምሥራቅ ካምፓስ የራሱ ሕንጻ አለው፣ በ2011ም ተስፋፍቷል። መግቢያው ነጻ ነው፤ አጠገቡ ባለው ፎቅ ፓርኪንግ ግን ይከፈላል። ከኢጣሊያ ሕዳሴ ሥዕሎች እስከ ጆርጂያ ባለሙያዎች የቤት ዕቃና የብር ሥራ ይዟል። ላሪና ብሬንዳ ቶምፕሰን በ2012 የሰጡት 100 የአፍሪካ አሜሪካውያን ሥራ ስብስቡን ለውጦታል። ውጭ ያለው የቅርጻ ቅርጽ ግቢ የሴት ቀራጮች ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ይያዝለት።

የራስል ልዩ ስብስቦች ቤተ መጻሕፍት በ2012 የተከፈተ ሲሆን ብርቅዬ መጻሕፍትን፣ የጆርጂያ ፖለቲከኞችን ወረቀቶችና የፒቦዲ ሽልማት የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥራዎችን ይይዛል። የዐውደ ርእይ ክፍሎቹን ማንም ገብቶ ያያል። ሰነድ ለማንበብ ግን መታወቂያ አሳይቶ መመዝገብ፣ ቦርሳን ማስቀመጫ ውስጥ መተውና በእርሳስ ብቻ መጻፍ ግዴታ ነው። ሰነዶቹ የሚወጡት ከምድር በታች ካለ ማከማቻ ስለሆነ አስቀድሞ ማዘዝ ይጠቅማል።

ዋሽንግተንና ሀል መንገዶች የሚገናኙበት ማዕዘን «ሆት ኮርነር» ይባላል፤ በዘር መለያየት ዘመን የጥቁሮች ንግድ መሀል ነበር። ሞንሮ ሞርተን የተባለ ጥቁር ባለሀብት በ1910 ያሠራው የሞርተን ሕንጻ ፎቁ ላይ ቲያትር፣ ከሥሩ መድኃኒት ቤትና የሐኪሞች ቢሮ ነበረው። በጆርጂያ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የጥርስ ሐኪም አይዳ ሜ ሃይራም እዚህ ሠርታለች። ታድሶ ከ1993 ጀምሮ ዳግም ትርኢት ያሳያል።

ባለ ትልልቅ ዓምድ የድሮ ቤቶች በርካታ ናቸው፤ አንዱን ያየ ሁሉንም እንዳየ ነው። ለመምረጥ የሚገደድ የቲ. አር. አር. ኮብን ቤት ይመልከት። ኮብ የኮንፌዴሬቱን (በእርስ በርስ ጦርነቱ የተገነጠሉትን የደቡብ ግዛቶች) ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ዋና ተሳታፊ የነበረ የባርነት ሕግ ጠበቃ ነው፤ ቤቱም በ1980ዎቹ ወደ ስቶን ማውንቴን ተወስዶ በኋላ የተመለሰ ነው። የእነዚህ ቤቶች ውበት በማን ጉልበት እንደቆመ ለመረዳት ግን ወደ ባልድዊን አዳራሽ መሄድ ያስፈልጋል። በ2015 ሕንጻውን ለማስፋፋት ሲቆፈር ከመቶ በላይ ሰዎች አጽም ወጣ፤ አብዛኞቹ በባርነት የኖሩ እንደሆኑ ይታመናል፤ አሁን በስፍራው መታሰቢያ አለ። በባክስተር መንገድ ያሉት ረጃጅም የተማሪ ማደሪያዎችም የቆሙት በ1960ዎቹ ነዋሪዎቹ ተነሥተው በፈረሰው ሊነንታውን በተባለ የጥቁሮች ሰፈር ላይ ነው። ከተማዋ በ2021 ይቅርታ ጠይቃለች።

ከልጆች ጋር ለሚመጣ የመንግሥት ዕፅዋት ማዕከል ይሻላል። በደቡብ ሚሌጅ መንገድ፣ በ313 ኤከር (127 ሄክታር ገደማ) ላይ በ1968 ተመሠረተ፤ የልጆች የአትክልት ቦታው በ2019 ተከፍቷል። የእግር መንገዶቹ እስከ መካከለኛው ኦኮኒ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ የታችኞቹ ጭቃ ስለሚሆኑ ላይ ላዩን መዞር ይበጃል። ጁላይና ኦገስት ወበቁ ይከብዳል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት መግባት ነው።

ለሙዚቃ የሚመጣ ማደሪያ ይያዝ። የሮክ ባንዶቹ አር.ኢ.ኤምም ሆነ ቢ-52ዎች የተነሡት ከዚህች ከተማ ነው። አር.ኢ.ኤም በኤፕሪል 1980 መጀመሪያ ከተጫወቱበት ቤተ ክርስቲያን የቀረው የደወል ማማው ብቻ ነው፤ በኦኮኒ መንገድ ቆሟል። በ2009 ተቃጥሎ በ2011 የተከፈተው ጆርጂያ ቲያትርና ፎርቲ ዋት ክለብ አሁንም ይሠራሉ፤ ዋናው ባንድ መድረክ ላይ የሚወጣው ግን አምሽቶ ስለሆነ፣ በዚያው ሌሊት ወደ አትላንታ መንዳት አይመከርም።