ላምዳ፦ ከ፴ እስከ መኪና ሞተር

ላምዳ በግሪክ ፊደላት ተራ 11ኛዋ ናት። ትልቋ ላምዳ ጫፋቸው ላይ የተገናኙ ሁለት ዘንበል ያሉ መስመሮች ነች፣ የኛን «ለ» ቁርጥ። መመሳሰሉ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሁለቱም የሚመዘዙት ከጥንቱ የሴማውያን «ላሜድ» ሲሆን፣ ግሪኮች ከፊንቄያውያን ተቀበሉት፣ ወደኛ ደግሞ በደቡብ ዓረብ ፊደል በኩል ደረሰ። ግሪኮች በፊደላቸው ይቆጥሩም ስለነበር ላምዳ 30 ነበረች። የግእዝ ቁጥሮች ደግሞ ከግሪክ የተወሰዱ ናቸው፤ ስለዚህ ካሌንደር ላይ ፴ን ስታዩ፣ ከላይና ከታች የተሰመረባትን ላምዳ ነው የምታዩት። ፊደሏ ሁለቴ መጣችልን ማለት ነው።

ፊዚክስ የተማረ ሰው ላምዳን የሚያውቃት በሞገድ ርዝመት ነው። የሞገዱን ፍጥነት ለፍሪኩዌንሲው ማካፈል ነው፣ አለቀ። በ97.1 ሜጋኸርዝ የሚሰራጭ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ሞገዱ 3 ሜትር ከምናምን ይረዝማል፤ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ግን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው። ጥቂት ምዕራፍ አለፍ ሲባል ያቺው ላምዳ የራዲዮአክቲቭ ነገር የሚፈርስበት ፍጥነት መለኪያ ሆና ቁጭ ትላለች። ተማሪ ማደናገር ካልሆነ ምን ይሉታል!

ታሪክ ያላት ግን ትልቋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1917 አንስታይን ዩኒቨርስ አይሰፋም አይጠብም ብሎ ያምን ስለነበር፣ ስበት ሁሉንም ጎትቶ እንዳይደረምስበት ላምዳን ቀመሩ ውስጥ ሰነቀራት። በ1929 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል ጋላክሲዎች እየተራራቁ መሆናቸውን አሳየ፣ ላምዳም ሥራ ፈታች፤ አንስታይን ራሱ ተዋት። በ1998 ግን ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች የሩቅ ሱፐርኖቫዎችን (የሚፈነዱ ኮከቦችን) ሲለኩ መስፋፋቱ ጭራሽ እየፈጠነ ሆኖ አገኙትና እንደገና ተጠራች። ዛሬ ዳርክ ኢነርጂ የሚሉት፣ ከዩኒቨርስ ኢነርጂ 68 በመቶ ያህሉን ይይዛል የሚባለው ነገር የሚጻፈው በሷ ነው። ምን እንደሆነ የገባው ሰው ግን እስካሁን የለም።

ፕሮግራመሮች ጋ ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። የሒሳብ ሊቁ አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ ላምዳ ካልኩለስ የሚባለውን የሒሳብ ሥርዓት ፈጠረ፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስም የሌለው ፈንክሽን ስትጽፉ «ላምዳ» የምትሉት ከዚያ የመጣ ነው።

ጋራዥም አትጠፋም። ብዙ ሰው ኦክስጅን ሴንሰር የሚለው፣ የጭስ መውጫው ላይ የሚገጠመው ዕቃ ሌላ ስሙ ላምዳ ሴንሰር ነው። እዚህ ላምዳ የአየሩና የቤንዚኑ ሚዛን ናት፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲገባ ላምዳ 1 ትሆናለች። ከ1 ከወረደች ቤንዚኑ በዝቷል፣ ከ1 ካለፈች አየሩ በዝቷል፤ የመኪናው ኮምፒውተርም ይህን እያየ ነዳጁን ይጨምራል ይቀንሳል።