«ደብረ» ምንድን ነው? የማርቆስ ተራራ ስላለመኖሩ

«ደብረ ማርቆስ ማለት የማርቆስ ተራራ ማለት ነው» የሚለውን ማብራሪያ ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት። ጸሐፊው በዚህ አላበቃም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከተማውም ስማቸውን ያገኙት ከሥፍራው ከፍታ ነው ሲል ደመደመ። አንድ ሰው ቢሞግተው «ግእዙ ተራራ ይላል፤ መዝገበ ቃላት ግለጥ» ብሎ መለሰለት። ደብር በግእዝ ተራራ መሆኑን የሚክድ የለም፤ በዚህ አንጣላም። የምንጣላው ቃሉ ከተራራው ወርዶ የት እንደ ደረሰ በመዘንጋቱ ነው።

ሥፍራው ቀድሞ መንቆረር ይባል ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በወንጌላዊው በማርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት። ታቦቱ የማርቆስ ነውና ማርቆስ ተባለ፤ ደብር ነውና ደብረ ማርቆስ ተባለ፤ ውሎ አድሮም ስሙ ከቅጽሩ ወጥቶ መንቆረርን አስረሳ። ስሙ የተጓዘው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ከተማ ነው፤ በመካከሉ የገባ ተራራ የለም።

ተራራውስ እንዴት ቤተ ክርስቲያን ሆነ? የጥንት መነኮሳት ከዓለም ሲሸሹ ሰው የማይደርስበትን ከፍታ ይመርጡ ነበር፤ እስከ ዛሬ በገመድ የሚወጣው ደብረ ዳሞ ለዚህ ምስክር ነው። አምባውና በላዩ የተተከለው ገዳም በአንድ ቃል ሲጠሩ ኖረው ቃሉ ለገዳሙ ቀረ፤ ከገዳሙም አልፎ ካህናቱ ለበዙለትና አገልግሎቱ ለተሟላለት፣ በማዕርግ ከገጠር ቤተ ክርስቲያን ለሚበልጥ ቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይም ይተከል ሸለቆ ውስጥ፣ ደብር ደብር ነው። የሰላሌው ገዳም ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል የነበረ ሲሆን ደብረ ሊባኖስ ያሰኙት በ1445 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ሄዶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከዋናው መንገድ ተነጥሎ ወደ ገደሉ ሥር ቁልቁል ይወርዳል እንጂ የሚወጣው አቀበት የለም።

ነገሩን በዓለማዊ ሹመት ብመስለው ይቀልል ይሆናል። ደጃዝማች ማለት የደጅ አዝማች ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ደጃዝማች ሲባል «የየትኛው ደጅ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። «ደብረ»ም እንዲሁ ሹመት ነው። ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። ራስ አሉላ አባ ነጋ ስንል ራስ ሹመታቸው፣ አሉላ ስማቸው፣ አባ ነጋ የፈረስ ስማቸው ነው። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ በጎንደር ያሠሩትን ደብረ ብርሃን ሥላሴን በዚህ ዓይን ብናየው፣ ደብረ ሹመቱ፣ ብርሃን የፈረስ ስሙ፣ ሥላሴ የክርስትና ስሙ ይሆናል። ማርቆስ ደግሞ የፈረስ ስም ሳያወጣ የተሾመ ነው።

ምሳሌው ግን እዚህ ላይ ያነክሳል። የፈረስ ስም ለጀግናው የግሉ ነው፤ ደብረ ብርሃን ግን በሸዋም አለ፣ በጎንደርም አለ፤ ደብረ ሰላምና ደብረ ገነትማ ተቆጥረው አያልቁም። ሰዋስዉም አይፈቅድም፤ «ደብረ» በግእዝ ዘርፍ፣ ማለት «የማን? የምን?» የሚለውን የሚመልስ ተከታይ ስም፣ የሚሻ ቃል በመሆኑ እንደ ደጃዝማች ብቻውን ሊቆም አይችልም፤ «ይህ ቤተ ክርስቲያን ደብረ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ጆሮዬን ያመኛል። የአስተዳዳሪው ማዕርግም ብዙ ጊዜ ዘርፉን ይከተላል፤ የደብረ ሰላሙ መልአከ ሰላም፣ የደብረ ገነቱ መልአከ ገነት ይባላል።

ተራራ የሚለው ትርጉም በቀጥታ የሚሠራበት ቦታ መኖሩን አልክድም። ደብረ ዘይት፣ ደብረ ሲናና ደብረ ታቦር በቅዱሳት መጻሕፍት የታወቁ ተራሮች ናቸው፤ ይሁንና በስማቸው የተጠሩ ከተሞችና አብያተ ክርስቲያናት እኛ ዘንድ ቢኖሩም፣ ተራሮቹ ያሉት በኢየሩሳሌም፣ በሲናና በገሊላ ነው። ስለ ተራራ ካነሣን አይቀር፣ መንደርተኛው ከዛፉ ሥር የሚሰበሰብባት «አድባር»ም የዚሁ የደብር ብዙ ቁጥር ናት፤ አማርኛ ብዙነቷን ረስቶ እንደ ነጠላ ቢይዛት፣ ቤተ ክህነት እንደገና አብዝቶ «አድባራት» አላት። ለንደን ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ርእሰ አድባራት ደብረ ጽዮን ቅድስት ማርያም ይባላል። ያ ጸሐፊ ይህን ቢተረጉመው ለንደን ላይ የተራሮች ሁሉ ራስ የሆነ ተራራ ሊያቆምልን ነው።

የአገሩ ሰው በዚህ ተቸግሮ አያውቅም። ለቅርብ ሰው ማዕርግ እንደማይደረደር ሁሉ፣ ጎጃሜው «ማርቆስ ደርሼ ልምጣ» ይላል፤ መናኸሪያ ውስጥም ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራው «ማርቆስ! ማርቆስ!» እያለ ነው።