የሄልሜት ገበር

ሄልሜት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ቅርፊቱን ነው፣ ጥይት ይመልሳል አይመልስም እያለ። ወታደሩ ከመኪና ሲወድቅ፣ ከግድግዳ ሲላተም ወይ ፍንዳታ አንስቶ መሬት ላይ ሲያፈርጠው የሚያተርፈው ግን የውስጡ ገበር ነው (ላይነር የሚሉትም አሉ)። እንቁላል ለገበያ ሲጫን ለምን ጭድ ውስጥ እንደሚደረግ የገባው ሰው ይሄም ይገባዋል፤ ገበሩ ሲታመቅ ጭንቅላቱ ባንዴ ድርቅ ከማለት ቀስ ብሎ ይቆማል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይና እንግሊዝ በ1915፣ ጀርመን በ1916 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የብረት ቆብ አወጡ፣ ገበሩ በአብዛኛው ቆዳና ጨርቅ ነበር።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው በ1941 በወጣው የአሜሪካ ኤም ዋን ነው። ይሄ ሄልሜት ሁለት ቆብ ማለት ነው፤ ላዩ ብረት፣ ከውስጡ ደግሞ ለብቻው የሚወልቅ ቀላል ቆብ። የመጀመሪያው ገበር ከተጨመቀ ወረቀት ነበር የተሰራው፣ እርጥበት ስላልቻለ ቶሎ በፕላስቲክ ተተካ። በገበሩ ውስጥ የጥጥ ማሰሪያዎች እንደ አልጋ ጠፍር ተወጥረው ጭንቅላቱን ከቅርፊቱ አራርቀው ይይዙታል፣ ሀሳቡም የመጣው ከአሜሪካ ፉትቦል ቆብ ነው። ወታደሩ ብረቱን አውልቆ ይታጠብበታል፣ ገበሩን ብቻ አድርጎ ሰልፍ ይወጣል። የኛዎቹ ጀግኖች፣ የቃኘው ሻለቃ ልጆች፣ ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ ላይ የተዋጉት ይሄንኑ ደፍተው ነው።

በ1980ዎቹ ቅርፊቱ ኬቭላር (በጣም ጠንካራ ሰው ሰራሽ ክር) ሆነ፣ ገበሩ ግን ያው ማሰሪያ ነው።

ከዛ የኢራቅ ጦርነት መጣ፣ መንገድ ዳር የሚቀበረው ፈንጂ በዛ። የአሜሪካ ምድር ጦር በአዲሱ ሄልሜቱ ላይ በቬልክሮ የሚለጠፉ ሰባት የስፖንጅ ፓዶች ሲያደርግ ማሪኖቹ (ከባህር የሚዘምተው የአሜሪካ ጦር) ግን በማሰሪያው ቀጠሉ። ቦብ ሜደርስ የሚባል ጡረታ የወጣ የባህር ኃይል ሀኪም በ2004 ከህዝብ ገንዘብ እያሰባሰበ ፓድ ለወታደሮች መላክ ጀመረ፣ ዘፋኟ ሼር ሳትቀር ደገፈችው፣ በ2006 ጉዳዩ ኮንግረስ ደረሰና በዛው ዓመት ማሪኖቹም ወደ ፓድ ዞሩ። ጀነራሎቹን ያስቀየረው አንድ ሽማግሌ ነው ብንል ብዙም አላጋነንም።

ፓድ ግን ችግር የለውም ማለት አይደለም፣ ብርድ ላይ ይደርቃል፣ ሙቀት ላይ ይልማል። ስለ ፍንዳታ ደግሞ ክርክር አለ፤ በማሰሪያ ሄልሜት የፍንዳታው ሞገድ በቅርፊቱና በጭንቅላቱ መሀል ሰርጎ ይገባል፣ ፓድ ክፍተቱን ይዘጋዋል የሚሉ አሉ፣ ይሄ አንጎልን ምን ያህል እንደሚያድን ግን ገና ያከራክራል። ስለ ግጭት ያለው ነገር የጠራ ነው። በ2011 አሜሪካ ያለው የሎረንስ ሊቨርሞር ላብራቶሪ ተመራማሪዎች የምድር ጦሩን ፓድ ከአሜሪካ ፉትቦል ፓዶች ጋር አወዳድረው፣ ውፍረቱ ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ቢጨመር ጭንቅላት ላይ የሚያርፈው ኃይል 24 በመቶ ይቀንሳል አሉ። ችግሩ ፓዱ ሲወፍር ቆቡ ይጠባል፣ ስለዚህ ወታደሩ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሄልሜት ያድርግ ነው ያሉት፣ ትልቁ ሄልሜት ደግሞ ትንሽም ቢሆን ይከብዳል፣ የሚሸከመው አንገት ነው።