የክህሎት ሽግግር ምንድን ነው? ስኬትቦርድ ለስኖውቦርድ የሚያተርፈውና የማያተርፈው

«ስኬትቦርድ ማለት በረዶ የሌለበት ስኖውቦርድ ነው» የሚለው አባባል የበረዶው ወቅት ባለቀ ቁጥር ይመለሳል። ስኬትቦርድ በአራት ጎማ የሚሄድ፣ ስኖውቦርድ ደግሞ እግር ታስሮበት በበረዶ ቁልቁለት ላይ የሚወረድበት ሰሌዳ ነው። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ይዞ፣ «ሳይንሱ የክህሎት ሽግግር ይለዋል፤ የሙቀቱን ወራት በስኬትቦርድ ያሳለፈ ሰው በረዶው ሲጥል ደረጃው ከፍ ብሎ ይገኛል» ሲል ጽፎ አነበብኩ። ሰው እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚማር ማጥናት የዘወትር ሥራዬ ነውና፣ ሳይንሱ ያላለውን በስሙ ሲነገር ማለፍ ከበደኝ።

የክህሎት ሽግግር አንድን ሥራ ቀድሞ መለማመድ ሌላ ሥራ በመማር ወይም በመሥራት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ነው። ተጽዕኖው ሊያግዝ ይችላል፣ ሊያደናቅፍ ይችላል፣ ጨርሶ ላይኖርም ይችላል፤ ሦስቱም በዚሁ ስም ሥር ይጠናሉ። ስለዚህ «ሽግግር አለ» ብሎ ማቆም ምንም እንዳለማለት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ቶርንዳይክና ሮበርት ውድዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1901 ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬም መነሻችን ነው፦ አንዱ ልምምድ ሌላውን የሚያግዘው ሁለቱ በሚጋሩት ነገር መጠን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር ያተኮረው «የሚጋሩት ነገር» ምን እንደሆነ በመለየቱ ላይ ነው፤ ተመልካች ከውጭ የሚያየው ቅርጽ ነው ወይስ ሠሪው በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚፈታው ችግር? አስተያየት ሰጪው የመጀመሪያውን ሳይጠይቅ ተቀብሏል። ሁለቱም ሰዎች ቦርድ ላይ ጎናቸውን ሰጥተው ቆመዋል፣ ጉልበታቸው ታጥፏል፣ ዓይናቸው ወደሚሄዱበት ያያል፤ እንግዲህ ሥራቸው አንድ ነው ብሏል።

ክራር ደርዳሪ ማሲንቆ ቢያነሣ ምን እንደሚሆን እናስብ። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ የሚለየው ጆሮው አብሮት ይሄዳል፤ ዘፋኙን ተከትሎ የት መግባት፣ የት ዝም ማለት እንዳለበትም ያውቃል። እጁ ግን ባዳ ነው። ክራር ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱ ድምፅ ስላለው የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለገውን ክር ያፍናሉ፤ ማሲንቆ ላይ ግን ክሩ አንድ በመሆኑ ድምፁን የሚወስነው ጣት የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ቀኝ እጅም መምታቱን ትቶ ደጋን መሳብ ይኖርበታል። ለዓመታት ክራር የደረደረ እጅ ክር በነካ ቁጥር መምታት ይቃጣዋል። የሚያደናቅፍ ሽግግር የምንለው ይህንኑ ነው፤ ምንም መሣሪያ ነክቶ የማያውቀው ጀማሪ ይህ ዕዳ የለበትም። ስኬትቦርድ የለመደ ሰው ወደ በረዶ ሲወጣም «ጆሮው» ይከተለዋል፣ «እጁ» ያስቸግረዋል። ምሳሌው የሚጎድለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ማሲንቆ ያሳሳተውን ሰው ቁልቁለት ላይ ጥሎት አለማለፉ ነው።

«እጁ» የሚያስቸግረው ሁለቱ ቦርዶች የሚታጠፉበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ስኬትቦርድን ወደ ጣት ወይም ወደ ተረከዝ ስናጋድለው፣ ትራክ በሚባለው ጎማ ተሸካሚ ብረት ውስጥ ያለው ላስቲክ መሰል ቀለበት ይጨመቅና አክስሉ ይዞራል። ስኖውቦርድ አክስል የለውም። ጎኖቹ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያሉ ስለሆኑ በብረት ጠርዙ ላይ ሲጋደል ጠርዙ በበረዶው ላይ ቅስት እየሠራ ይሄዳል፤ ቦርዱ ራሱም ይጎብጣል፣ ይጠመዘዛል፣ እግርም በማሰሪያ ስለተያዘ የፊት እግር ሲጫን የቦርዱ አፍንጫ ከጅራቱ ቀድሞ መዞር ይጀምራል። ይህ የጠርዝ ስሜት፣ ማለትም ቁርጭምጭሚት በጥቂቱ ሲላላ ጠርዙ መቼ እንደሚለቅና ሲጠብቅ መቼ እንደሚነክስ ማወቅ፣ የስኖውቦርድ ዋናው ትምህርት ነው። አራት ጎማ ላይ የሚማሩት አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው ግን ተምረውት የሚመጡት ነገር ነው። ስኬትቦርድ ላይ ጠበብ ያለ መታጠፊያ ሲያጋጥም ሰውየው ክብደቱን ወደ ኋላ እግሩ ያዛውራል፣ የቦርዱን ጅራት ይጫናል፣ የፊት ጎማዎች ከመሬት ይነሣሉ፣ ትከሻውና ዳሌው ሲዞር ቦርዱ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ይሽከረከራል። ኪክ ተርን የሚባለው ይህ እንቅስቃሴ በኮንክሪት ላይ ትክክለኛና አስፈላጊ ነው። በቁልቁል በረዶ ላይ ግን አሰልጣኞች ከጀማሪዎች ሊያስለቅቁት የሚደክሙበት ጥፋት ነው። ክብደት ወደ ኋላ ሲሄድ የፊቱ ጠርዝ በረዶውን ይለቃል፣ ቦርዱ መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሰውየው ፍጥነቱ ሲያስፈራው ይብሱን ወደ ኋላ ይደገፋል፤ በተደገፈ ቁጥርም መሪው ይበልጥ ከእጁ ይወጣል። በፍርሃት ወደ ኋላ የሚደገፍ ጀማሪ ጥቂት ከተበረታታ ይተዋል፤ በልምድ የሚደገፈው ግን ትክክል የሠራ ስለሚመስለው ለመተው ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

«ጆሮው» የሚያተርፈውም ጥቂት አይደለም። ዋነኛው ፓምፕ ማድረግ የሚባለው ነው፦ በጠፍጣፋው ወለል ላይ ዝቅ ብሎ መቆየትና ወደ ግድግዳው ጥምዝ ሲገቡ እግርን በመዘርጋት ፍጥነት መጨመር። ስኖውቦርደሮች የሚወዳደሩበት ሃፍ ፓይፕ የሚባለው ግማሽ ቱቦ የመሰለ የበረዶ ቦይ ግድግዳው 6.7 ሜትር ገደማ ቢሆንም ራሱ ቁልቁል የተሠራ ስለሆነ ጊዜውን ያልጠበቀውንም ሰው ስበት ይደግፈዋል። ቦውል የሚባለው የኮንክሪት ጎድጓዳ ይህን ድጎማ አይሰጥም፤ መዘርጋቱ ለቅጽበት ቢዘገይ ፍጥነቱ ወዲያው ይሞታል። እዚህ ሁለቱ ሥራዎች የሚጋሩት ያንኑ ችግር ነው፤ ስኬትቦርዱ ደግሞ ጥብቅ መምህር ነው። ሌላው ትርፍ ትንሽ ቢመስልም ሰው ወደ ቁልቁለቱ አናት ከሚያወጣው የወንበር ሊፍት ሲወርድ ጎልቶ ይታያል። ከሊፍቱ ወንበር ሲወርዱ የታሰረው የፊት እግር ብቻ ስለሆነ ጀማሪው ክብደቱን የት እንደሚጥል ይጠፋዋል፤ ስኬትቦርድ የለመደው ግን በፊት እግሩ ቆሞ በኋላው መሬት መግፋት ዕለታዊ ሥራው ስለሆነ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል ይወርዳል።

አስተያየት ሰጪው የመጨረሻ ማስረጃ ያደረገው ታዋቂዎቹን ነበር። ጃፓናዊው አዩሙ ሂራኖ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2018 የክረምት ኦሊምፒክ በሃፍ ፓይፕ ብር ካገኘ በኋላ በ2021 በቶኪዮ በስኬትቦርድ ተወዳድሮ 14ኛ ወጣ፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ቤይጂንግ ላይ በስኖውቦርድ ወርቅ ወሰደ። አሜሪካዊው ሾን ኋይትም በ2006፣ በ2010 እና በ2018 የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ፣ ኤክስ ጌምስ በሚባለው የድፍረት ስፖርቶች ውድድር ደግሞ በስኬትቦርድ ያሸነፈ ነው። ታሪኮቹ እውነት ናቸው፤ የሚያስረዱት ግን አንድ ሰው ሁለቱንም በላቀ ደረጃ ሊሠራ እንደሚችል ነው። ሁለቱም ሰዎች ሁለቱን ቦርዶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎን ለጎን እየተለማመዱ ያደጉ በመሆናቸው የቱ ለየቱ ምን እንዳዋጣ ከውጤታቸው መለየት አይቻልም። ሽግግር የሚለካው ሌላ መንገድ ተከትሎ ነው፦ ከሁለት ተመሳሳይ ቡድኖች አንዱ መጀመሪያ ስኬትቦርድ ተለማምዶ፣ ሌላው ሳይለማመድ፣ ሁለቱም በረዶ ላይ ይፈተናሉ፤ ልዩነቱም በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ይታያል። እግረ መንገዴን ለማስታወስ ያህል፣ ከበረዶ ወደ አስፋልት የሚሄደው ሽግግር ከዚህኛው ጋር እኩል ይሆናል ብሎ መገመትም አይቻልም፤ ለጀማሪ የታየውም ለሠለጠነ ሰው ላይሠራ ይችላል።

አንድ መደባለቅም አለ። የጭን ጡንቻ መጠንከር፣ የሳንባ አቅም፣ የቁርጭምጭሚት ጽናት የአካል ብቃት እንጂ የክህሎት ሽግግር አይደለም፤ ለዚያ ብስክሌትም ደረጃ መውጣትም ያገለግላል። ክህሎቱን ራሱን የፈለገ ሰው ሥራውን እንዲመስል ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ይፈልጋል። ኢትዮጵያን በ2006 እና በ2010 የክረምት ኦሊምፒክ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም አገር ውስጥ በአስፋልት ላይ የተለማመደው ጎማ ባለው ስኪ ነበር፤ ያ መሣሪያ የአገር አቋራጭ ስኪን እንቅስቃሴ ሆን ብሎ የሚኮርጅ ነው። ስኬትቦርድ ማንንም ለመኮረጅ አልተሠራም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላለ አንባቢ ደግሞ አማራጩ ቅርብ ነው፤ በ2005 የተከፈተው ስኪ ዱባይ የተባለው የቤት ውስጥ የበረዶ ሜዳ ረጅሙ መውረጃው 400 ሜትር ገደማ ቢሆንም እውነተኛ በረዶ አለው፣ ለጠርዝ ስሜትም ከማንኛውም ጎማ ይሻላል።

በረዶ ለማያገኘው ለአብዛኛው ሰው ግን የስኬትቦርድ ተፎካካሪ ሶፋ ነው። ከሶፋ ጋር ሲነጻጸር መጠነኛው ትርፍ ይበቃል፤ ስለዚህ ተለማመዱ እላለሁ። ጊዜያችሁን ቦውል ውስጥ ፓምፕ በማድረግ፣ ለስለስ ባለ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ትራኩን ላላ አድርጋችሁ ጅራት ሳትጫኑ በማጋደል ብቻ ረዘም ያሉ ቅስቶችን በመሥራት አሳልፉ። የእጅ አንጓ መከላከያና የራስ ቁር አድርጉ፤ ኮንክሪት ላይ የተሰበረ አንጓ ሲድን የበረዶው ወቅት ሊያልፍ ይችላል። በረዶው ሲጥል የመጀመሪያውን ጠዋት በጀማሪዎች ሜዳ አሳልፉ፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ መግቢያ ላይ የፊት ጉልበታችሁን ወደ ቦርዱ አፍንጫ እየገፋችሁ የኋላ እግራችሁ መሪነቱን እስኪተው ድረስ ድገሙት፤ ወደ ቀጥ ያለው ቁልቁለት የምትወጡት ከዚያ በኋላ ነው።