የሰንበት ካርቱን በኢትዮጵያ፦ ከአባባ ተስፋዬ እስከ ዲሽ

ቅዳሜ ጠዋት ፒጃማ እንደለበሱ ካርቱን ላይ መጣድ የአሜሪካ ልጆች ልማድ ነበር። እዚያ ትልልቆቹ ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቅዳሜን ጠዋት ለልጆች ሰጡ። በየመሃሉም የቁርስና የመጫወቻ ማስታወቂያ ይሸጡ ነበር። ቀኑን ሙሉ ካርቱን የሚያሳዩ የኬብል ጣቢያዎች ሲመጡ ልማዱ ተዳከመ።

እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ጣቢያው አንድ ብቻ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤትም ከሰፈር ስንት ነው? ሣጥኑ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። የጎረቤት ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ምንጣፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ ያያል። ሽንት ቢመጣም ይይዛል። ፕሮግራሙ ማንንም አይጠብቅማ!

የልጆች ፕሮግራም ሲባል መጀመሪያ የሚነሱት አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም ባሌ ተወለዱ። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ተላብሰው መድረክ ላይ የተጫወቱ የቴአትር ሰው ናቸው። ለ42 ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ተናግረዋል። “ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች” ሲሉ፣ በየቤቱ ልጆች ከተቀመጡበት ተነስተው መልስ ይሰጡ ነበር። ሰውዬው የሚያዩን ይመስለን ነበር መሰለኝ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም ሲያርፉ ያለቀሱላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ልጆች ያሳደጉ ነበሩ።

ካርቱኑ ግን አማርኛ አያውቅም። በእኛ ሰፈር ካርቱን ማለት ቶምና ጄሪ ነበር። ይህ ድመትና አይጥ እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ ፊልም ቤት የተወለደ ነው። ሳቁ ከድብድቡና ከሙዚቃው ስለሚመጣ ቋንቋ አያስፈልገውም። አያቴ እንኳን ትስቅ ነበር። የምትደግፈው ግን ድመቱን ነው፤ አይጥ እህሏን ይፈጅባት ነበርና።

በ1990ዎቹ ዓ.ም በየቆርቆሮው ላይ ዲሽ በቀለ። የእኛ የካርቱን ትዝታ ከአሜሪካኖቹ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ከአረብሳትና ከናይልሳት ሳተላይቶች በነጻ የሚመጡት የልጆች ጣቢያዎች፣ ስፔስቱንና ኤምቢሲ 3፣ በብዛት ዓረብኛ ነበር የሚናገሩት። ብዙዎቹ ካርቱኖች የጃፓን ሥራዎች ሲሆኑ፣ ለስፔስቱን የሚሆኑት ደማስቆ ባለ ድርጅት ወደ ዓረብኛ ይመለሱ ነበር። ጃፓን የተሣለ፣ ሶርያ ውስጥ የተነገረ፣ አዲስ አበባ ላይ ያለ ትርጉም የታየ ካርቱን! ታሪኩን የምንፈጥረው እኛው ነበርን። ኳስ ተጫዋቹ ለምን እንዳለቀሰ እኔና ወንድሜ የየራሳችን ምክንያት ነበረን፤ ተጣልተንበታል። ከቤሩት የተመለሰች አክስት ያለው ልጅ ግን ንጉሥ ነው፣ አስተርጓሚ አለዋ። የመግቢያ ዘፈኖቹን ትርጉማቸውን ሳናውቅ ከዳር እስከ ዳር እንዘፍናቸው ነበር። የተባለውን በትክክል ስለመዝፈናችን አልምልም።

ንፋስ ከነፈሰ ዲሹ ይዞራል። አንዱ ጣራ ላይ ይወጣል፣ አንዱ መስኮት ላይ ይቆማል፣ ሌላው ቴሌቪዥኑ ሥር።
“መጣ?”
“ትንሽ ወደ ግራ... መጣ! አይ፣ ጠፋ!”
ምስሉ ሲስተካከል ካርቱኑ አልቋል። ወይ መብራት ይሄዳል።

በአማርኛ የተሠራ ካርቱን መሰል ነገር ያየነው ዘግይቶ ነው። በ1998 ዓ.ም መምህርቷ ብሩክታዊት ጥጋቡ “ፀሐይ መማር ትወዳለች”ን ይዛ መጣች። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ አሻንጉሊት እንጂ ካርቱን አይደለችም። እጅ መታጠብንና ፊደልን እየተጫወተች ታስተምራለች። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን ጨምሮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ያኔ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ፣ ታናናሾቼ ሲያዩ በር ላይ ቆሜ ነው ሰርቄ የማየው።

አሁን ካርቱን ስልክ ውስጥ ነው፤ ሰንበት አይጠብቅም። ቋንቋውም እንግሊዝኛ ሆኗል። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቱ ነው። አያቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ “ምን አለች?” ትለዋለች። አንድ ሁለቴ ይተረጉምላታል፣ ከዚያ ይሰለቸዋል።
“ቆይ እማዬ፣ ሲያልቅ እነግርሻለሁ።”