ሞሄርና ሱፍ የተቀላቀለበት የሙሉ ልብስ ጨርቅ ምንድን ነው?

ሞሄር የአንጎራ ፍየል ጠጉር ነው። ይህ ጠጉር ከበግ ሱፍ፣ በተለይም ከሜሪኖ በግ ሱፍ ጋር ተጣምሮ ሲሸመን፣ በመዳፍ ጨብጠው ሲለቁት ወዲያው የሚፍታታ፣ ሲዳስሱት ደረቅ ያለ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ለዘብ ያለ ነጸብራቅ የሚሰጥ የሙሉ ልብስ ጨርቅ ይገኛል። በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ለጥር ሠርግ ወይም ለምረቃ ሙሉ ልብስ ለማሰፋት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብለት ፖሊስተር ወይም ፖሊስተር የበዛበት ቅልቅል ስለሆነ፣ ይህኛው ጨርቅ ሲያጋጥመው ዋጋው ለምን እንደሚወደድና ገንዘቡን የሚያወጣበት ጠባይ የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል።

የፍየሉ ጥንተ መገኛ በቱርክ አንካራ ዙሪያ ያለው ደጋማ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ወደ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ከተራባ በኋላ ግን ዛሬ ከዓለም ሞሄር ግማሽ ያህሉ የሚመረተው በዚያ ሲሆን፣ ጎረቤቷ ሌሶቶም ከታወቁት አምራቾች አንዷ ናት። (አንጎራ ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ የሹራብ ክር የጥንቸል ጠጉር ስለሆነ ከዚህ ጋር አይገናኝም።) በዓባይ በረሃ የሚሰማሩት የእኛ ፍየሎች ጠጉራቸው አጭር ነው፤ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚረባው ስመ ጥሩ የዋሸራ በግም ጠጉረ አጭርና ለሥጋው የሚፈለግ እንጂ ለሱፉ የሚሸለት አይደለም። አንጎራ ፍየል በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሸለት ሲሆን፣ ጠጉሩ በወር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ በየሽልቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ርዝመት ይገኝበታል። ለሙሉ ልብስ የሚመረጠው ውፍረቱ ወደ 25 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚጠጋው የግልገል ጠጉር ነው፤ ፍየሉ እያረጀ ሲሄድ ጠጉሩም እስከ 40 ማይክሮን ስለሚወፍር ለምንጣፍና ለወንበር ልብስ ይውላል።

የጨርቁ ጠባይ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ጠጉር አፈጣጠር ነው። ሱፍም ሞሄርም ኬራቲን ከሚባለው ፕሮቲን የተሠሩና ላያቸው በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ቢሆንም፣ የሱፍ ቅርፊት ጠርዙ የተነሣ ሲሆን የሞሄር ቅርፊት ግን ስስና በጠጉሩ ላይ ልጥፍ ያለ ነው፤ ብርሃኑ ሳይበታተን የሚመለሰው፣ ቀለሙም ደምቆ የሚታየው፣ አቧራውም በብሩሽ በቀላሉ የሚለቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በላይ የሚያለያያቸው ቅርጻቸው ነው። የሜሪኖ ሱፍ ሞገድ በሞገድ የሆነ ስለሆነ በጠጉሮቹ መካከል አየር ይይዛል፤ ያ አየር ነው ሙቀት የሚጠብቀው። ሞሄር ግን ቀጥ ያለ ከመሆኑም በላይ ወፍራምና ግትር ስለሆነ፣ ክሩ ጠንክሮ ተገምዶ በተራ ሽመና (ማጉ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ በሚያልፍበት) ሲሠራ በክሮቹ መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል፤ ጨርቁም ሰውነት ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ራቅ ብሎ ይቆማል። ሲቀመጡበት ታጥፎ የነበረው ጠጉርም እንደ ሽቦ ተመልሶ ስለሚቃና፣ ከባሕር ዳር እስከ ሞጣ በመኪና ተጉዞ የወረደ ሰው የኮቱ ጀርባና የሱሪው ጉልበት እምብዛም አይጨማደድበትም።

ታዲያ ሞሄር ይህን ያህል በጎ ጠባይ ካለው ብቻውን ለምን አይሸመንም? ብቻውን ሲሆን ሸካራ፣ ግትርና ለልብስ ሰፊ የማይታዘዝ ስለሚሆን ነው። ሱፍ በእንፋሎትና በካውያ ይኮማተራል፣ ይለጠጣል፤ ጎበዝ ልብስ ሰፊም እጅጌውን ከትከሻው ጋር ሲገጥም የተረፈውን ጨርቅ በእንፋሎት አኮማትሮ ክብ ቅርጽ ያወጣለታል። ሞሄር ይህን አይቀበልም፤ የተሰጠውን ቅርጽ ትቶ ወደ ነበረበት መመለሱ ለለባሹ ጸጋ ሲሆን ለሰፊው ፈተና ነው። በዚህም ምክንያት የሞሄሩ ድርሻ በበዛ ቁጥር በፖሊስተር የለመደ እጅ የሰፋው ትከሻ ተሸብሽቦ ይታያል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ሰው በጨርቁ የሚያማርረው፣ ጥፋቱ የስፌቱ ሆኖ ሳለ ነው።

በተለመደው አሠራር ድሩ ሱፍ ማጉ ሞሄር ይሆናል። ድሩና ማጉ የተለያየ ቀለም ሲኖራቸው፣ ለባሹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጨርቁ አንዴ ሰማያዊ አንዴ ግራጫ መስሎ ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ1957 የፈረንሳዩ የጨርቅ ኩባንያ ዶርሜይ «ቶኒክ» በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው የሞሄርና የሱፍ ጨርቅ በዚህ ዓይነቱ ነጸብራቅ የታወቀ ሲሆን፣ በ1960ዎቹም የእንግሊዝ ከተማ ወጣቶች ጠባብ ሙሉ ልብሳቸውን ከሞሄር ያሰፉ ነበር። ነጸብራቁ ለሠርግ ማታ ያምራል፤ ለቢሮ ግን ከመጠን ያለፈ ይመስለኛል።

የሞሄሩ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 15 እስከ 60 ይሆናል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗና መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቷ ስለሚበረታ፣ ለእሷ ከመቶ 30 እስከ 40 ሞሄር ያለበት፣ በተራ ሽመና የተሠራ ቀለል ያለ ጨርቅ ይስማማታል። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ፣ የጮቄ ብርድ ጧትና ማታ በሚሰማበት አገር፣ ሱፉ የሚያይልበትና ክብደቱ ከፍ ያለው ይሻላል፤ እዚያ ከመቶ 20 ሞሄር ጨርቁ እንዳይጨማደድ ለማድረግ በቂ ነው። ከመቶ 60 የደረሰውን ለታላቅ ቀን ብቻ ለሚለበስ ልብስ እንጂ ለዘወትር አልመክረውም።

ዋናው ጉድለቱ እጥፋት ላይ ነው። ግትር ጠጉር በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ በጋለ ካውያ ከተተኮሰ እዚያው ይሰበራል፤ የሱሪው የፊት መስመርና የእግሩ ጫፍ ሌላው ክፍል ገና አዲስ እያለ ሳስተው ይበጠሳሉ። ስለዚህ ሱሪው እርጥብ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት በለዘበ ሙቀት መተኮስ፣ በተለበሰ ማግስትም ተሰቅሎ ማረፍ አለበት። ብል እንደማንኛውም ሱፍ ይወደዋልና ክረምቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ሳይነካ መክረም የለበትም።

ገዢው በቅድሚያ መመልከት ያለበት በጨርቁ ዳር ላይ የተጻፈውን የቅልቅል ድርሻ ነው። ጽሑፍ ከሌለ ከጫፉ አንድ ክር ተመዞ ይለኮሳል፦ ሱፍና ሞሄር የተቃጠለ ጠጉር እየሸተቱ ከእሳቱ ሲለዩ ይጠፋሉ፣ አመዳቸውም በጣት ይደቃል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ይህ ዘዴ ሱፍን ከሞሄር አይለይም። ለዚያ ጨርቁን በመዳፍ አጥብቆ ይዞ መልቀቅና ቶሎ መቃናቱን፣ ከዚያም በመስኮት ብርሃን አዘንብሎ ነጸብራቁን ማየት ያስፈልጋል። ጨርቁ ከተመረጠ በኋላ አቅም ያለው ሰው ለአንድ ኮት ሁለት ሱሪ የሚበቃ አስቀድሞ ከአንዱ ጥቅል ቢያስቆርጥ መልካም ነው፤ ሱሪው ከኮቱ ቀድሞ ያልቃል፣ ያንኑ ቀለም ደግሞ በኋላ ከሌላ ጥቅል ማግኘት አስቸጋሪ ነው።