“ከጥረት በኋላ መባባስ” ምንድን ነው?

“ክሮኒክ ፋቲግ” (ሥር የሰደደ ድካም) የሚለው የሕመም ስም አሁን አሁን ለማንኛውም መዛል ይለጠፋል። የፈተና ሰሞን እንቅልፍ ያጣ ተማሪም፣ ሌሊት ተረኛ የነበረች ነርስም “ክሮኒክ ፋቲግ ይዞኛል” ይላሉ። ይህስ ባልከፋ። የሚከፋው ተከትሎ የሚመጣው ምክር ነው፦ “ተንቀሳቀስ፣ በየሳምንቱ ጨምርበት፣ ሰውነትህ ሲለምድ ይለቅሃል።” ለብዙው ደካማ ደግ ምክር ነው። ሕመሙ በእርግጥ ላለበት ሰው ግን ጎጂ ነው፤ የሕመሙ ዋና መለያ ድካሙ ሳይሆን ከጥረት በኋላ መባባሱ ነውና።

አንዲት ታማሚ ሰኞ እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ ትውላለች። ማታ ደህና ናት። ማክሰኞ ከሰዓት ወይም ረቡዕ ጉሮሮዋን ይከረክራታል፣ ሰውነቷ ይቆራረጣል፣ ብርሃንና ድምፅ ይከብዳታል፣ የምትናገረው ይጠፋባታል፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ትተኛለች። መባባሱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ስለሚዘገይ ሰኞን የሚጠረጥር የለም፤ “ምች ነው” ይባላል። ጥረቱም የጉልበት ብቻ አይደለም፦ ለቅሶ ቤት መዋል፣ ማኅበር ማስተናገድ፣ ሒሳብ ሲሠሩ መዋልም ይቆጠራል።

በወንፈል ቢመሰል ይቀላል። ጎረቤት ጤፍህን አንድ ቀን ካጨደልህ አንድ ቀን ትመልሳለህ። ይህ ሰውነት ግን የአንድ ቀን ጉልበት ሰጥቶ አምስት ቀን ያስመልሳል፣ ቀኑንም ራሱ ይቆርጣል። ዕዳው ሳያልቅ ሌላ ወንፈል የጠራ ሰው ሲመልስ ይከርምና የራሱ ጤፍ ማሳ ላይ ይረግፍበታል። “ጨምር” ባዩ የሚያየው የሰኞውን አጨዳ ብቻ ነው።

“ሰውነቱ ሥራ ስላጣ ነው” የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። በሁለት ተከታታይ ቀናት ብስክሌት እያስነዱ ትንፋሽን የሚለኩ ጥናቶች አሉ። ሥራ የፈታ ጤነኛ ሰው በሁለተኛው ቀንም የመጀመሪያውን ያህል ይሠራል፤ የእነዚህ ታማሚዎች አቅም ግን ብዙ ጊዜ ይወርዳል። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ናይስም ቀድሞ ይመክረው የነበረውን በዕቅድ እየጨመሩ የማሠራት ሕክምና በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. አንሥቶታል።

“ድብርት ነው” ለሚለውም፦ በድብርት የተያዘ ሰው ፍላጎቱ ይሞታል፤ ይህ ታማሚ ፍላጎት አለው፣ ሲሞክር ይወድቃል። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉና ስለ ራስ ማጥፋት ሐሳብ መጠየቅ አይዘለልም።

ስሙን ለመስጠት በአዋቂ ላይ ቢያንስ 6 ወር የዘለቀ፣ የሰውን ኑሮ ያጎደለ፣ በእረፍት የማይቃለል ድካም ያስፈልጋል፤ መባባሱና የማያሳርፍ እንቅልፍ ይጨመሩበታል፤ ከዚያ የሐሳብ መደነጋገር ወይም ቆሞ መቆየት አለመቻል። የመጨረሻውን ጤና ጣቢያም ሊለካው ይችላል፦ አስተኝቶ የልብ ምትና የደም ግፊት መለካት፣ ከዚያ ለ10 ደቂቃ አቁሞ በየደቂቃው መድገም። ግፊቱ ሳይወርድ ምቱ በደቂቃ በ30 ከጨመረ (ከ12 እስከ 19 ዓመት ላሉት በ40) አንድ ምልክት ተገኘ።

ጎጃም ላይ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚታይ ሌላ የድካም ምክንያት አለ። በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው መንጠቆ ትል ደሙን ሊጨርሰው ይችላል፤ የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ይታይ። እንቅርት ላለበት ታይሮይድ፣ ከጃዊ ቆላ ለተመለሰ ወባ። ቲቢ፣ ኤችአይቪና ስኳርም አይረሱ።

ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ ያለው አቅምን መመጠን ነው። ለ2 ሳምንት የቀን ሥራና የመባባስ ቀን ይጻፍ፤ መባባስ ያላስከተለው መጠን ጣሪያ ይሆናል። እንጀራው በአንዴ 20 ከሚሆን፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ 10፤ የ20 ሊትሩ ጀሪካን በ5 ሊትር። የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ያለው፣ አርፎ ካለው ምት ከ15 በላይ እንዳያልፍ ይጠንቀቅ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ደህና በሆኑበት ቀን ነው፦ የቀረውን ሥራ ሁሉ ሊጨርሱ ይነሣሉ።

ድካም ጭንቅላት ከተመታ በኋላም ይመጣል፤ ይህ ምክር ግን ጭንቅላቱን በዱላ ለተመታ ሰው ሁሉ አይሠራም። ቀላል የአንጎል መናወጥ የደረሰበት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ካረፈ በኋላ በዝግታ መራመድ ይረዳዋል፤ አልጋ ላይ መክረም ማገገሙን ያዘገያል። ድካሙ ወራት ከዘለቀ ደግሞ አንጎል ሥር ሆኖ ሌሎች ዕጢዎችን የሚያዝዘው ፒቱታሪ ዕጢ ተጎድቶ እንዳይሆን የጠዋት ኮርቲዞል ሆርሞንና ታይሮይድ ይታይለት። እዚህ ላይ ቲኤስኤች (ፒቱታሪ ታይሮይድን የሚያዝበት ሆርሞን) ብቻውን ያታልላል፤ ዕጢው ተጎድቶም ደህና መስሎ ሊወጣ ስለሚችል ታይሮይዱ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ፍሪ ቲ4፣ አብሮ ይታዘዝ።